ክፍት ባልዲ፣ ክፍት በርሜል፦ ስለ ቲነርና አሴቶን አያያዝ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የእንጨትና የብረት ዕቃ በሚቀባበት ወርክሾፕ የክፍል ኃላፊ ነኝ። አንድ ባለ 200 ሊትር የቲነር በርሜል፣ ጥቂት ጀሪካን አሴቶንና አልኮል በሥራ ክፍሉ ጥግ ተቀምጠዋል። ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት በፕላስቲክ ባልዲ እየቀዱ ወደየሥራቸው ይወስዳሉ። ኮምፕረሰሩ ከበርሜሉ አምስት እርምጃ ያህል ይርቃል። አሠሪዬ ‹ለዓመታት እንዲህ ሠርተናል፣ ምንም አልሆነም፤ እዚህ የሚያጨስ ሰው የለም፣ በሩም ክፍት ነው› ይላሉ። ለኬሚካል ተብሎ የተሠራ ቁም ሳጥን ለመግዛት አሁን አቅም የለንም። ከምን ልጀምር? እሳት ቢነሳስ በምን እናጥፋው?»

ከባልዲው ይጀምሩ። ቁም ሳጥን ጥሩ ነገር ነው፣ እመለስበታለሁ፤ ጥያቄዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን በርሜሉ ጠዋት ጠዋት የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ በርሜል ከነአደጋው ተኝቷል። ቧንቧው ተከፍቶ ቲነሩ ወደ ባልዲው መውረድ ሲጀምር እሳት የሚፈልገው ነገር ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ተኑ አለ፣ አየሩ አለ፣ ብልጭታውን ደግሞ የሚወርደው ፈሳሽ ራሱ ሊፈጥረው ይችላል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ከታች ሰፋ አድርጌ እጽፍበታለሁ።

አስቀድሞ ተኑን እንወቀው። ቲነር ሲነድ የሚቃጠለው ከፈሳሹ ላይ ተነስቶ ከአየር ጋር የተደባለቀው ተን ነው። አንድ ፈሳሽ እሳት ቢቀርበው ለመያዝ የሚበቃ ተን መስጠት የሚጀምርበት ዝቅተኛው የሙቀት መጠን ፍላሽ ፖይንት ይባላል። የአሴቶን ፍላሽ ፖይንት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የቤንዚን ከዜሮ በታች 40 አካባቢ ይደርሳል። በብዙ ቲነሮች ውስጥ የሚገኘው ቶሉዊን 4 ዲግሪ፣ ኢታኖል የሚባለው ተራው አልኮል ደግሞ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ እርስዎ ክፍል ጥግ ያሉት ፈሳሾች በሙሉ በተራ የክፍል ሙቀት፣ አብዛኞቹም በጠዋቱ ቅዝቃዜ ጭምር፣ ክዳናቸው እንደተነሳ እሳት ለመቀበል ዝግጁ ናቸው። በተባበሩት መንግሥታት የኬሚካሎች አመዳደብ ሥርዓት ፍላሽ ፖይንቱ ከ23 ዲግሪ በታች የሆነ ፈሳሽ ከሁለቱ ከፍተኛ የተቀጣጣይነት ምድቦች በአንዱ ውስጥ ይገባል። ናፍጣ ግን ፍላሽ ፖይንቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ነው። በናፍጣ የለመደ ሠራተኛ ቲነርንም በዚያው ልምድ ሲይዘው አይቻለሁ፤ ይህ ልምድ ሰው ይገድላል። ናፍጣም ቢሆን ጨርቅ ውስጥ ከሰረገ ወይም እንደ ጉም ከተረጨ ሳይሞቅም ይያዛል።

ቲነር ድብልቅ ስለሆነ ከአምራች አምራች ይለያያል። ስለዚህ ሻጩን የደህንነት መረጃ ሰነዱን ይጠይቁት። ሰነዱ አሥራ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ስለ እሳት የሚናገረው አምስተኛው ነው፣ አያያዝና ማከማቻ ሰባተኛው፣ የፍላሽ ፖይንቱ ቁጥር ደግሞ ዘጠነኛው ውስጥ ይገኛል። ሰነድ ማቅረብ ከማይችል ሻጭ ባይገዙ ይሻላል።

አሁን አንድ ስሌት ልሥራ፤ አሠሪዎም ቢያዩት ደስ ይለኛል። አንድ ሊትር አሴቶን 790 ግራም ያህል ይመዝናል። ሙሉ በሙሉ ሲተን በክፍል ሙቀት ወደ 330 ሊትር ተን ይሆናል። የአሴቶን ተን አየር ውስጥ 2.5 በመቶ ሲደርስ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ያ አንድ ሊትር በእኩል ቢሰራጭ 13 ሜትር ኩብ አየር ለእሳት የበቃ ያደርጋል፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነች፣ ጣሪያዋ 2.6 ሜትር ከፍ ያለ ክፍል ማለት ነው። አንድ ሊትር ብቻ! እርስዎ ያሉት በርሜል ሁለት መቶ ሊትር ይይዛል።

ተኑ ግን በእኩል አይሰራጭም፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። የአሴቶን ተን ከአየር ሁለት እጥፍ፣ የቶሉዊን ተን ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ታች ይወርድና እንደ ውኃ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ ጉድጓድና የፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ይተኛል፣ በበር ሥር ወደ ሌላ ክፍል ይሻገራል። አፍንጫችን ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ስለሆነ ቁርጭምጭሚታችን አጠገብ ያለውን አይነግረንም።

በአንድ ወቅት እሳት ከተነሳ በኋላ ምክንያቱን እንድመለከት የተጠራሁበት ወርክሾፕ ነበር። ሠራተኛው ወለል ላይ የደረቀ ማጣበቂያ ለማስለቀቅ ጥቂት ሊትር ቲነር አፍስሶ በመጥረጊያ ይፈትግ ነበር። በአጠገቡ ሲጋራ የለም፣ ብየዳም የለም። እሳቱ የተነሳው ከእሱ አሥር እርምጃ በላይ ርቆ፣ ጠረጴዛ ሥር ከነበረ ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው። «እሳቱ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ» አለኝ። ወለሉን ስመለከት ከማቀዝቀዣው ተነስቶ ግድግዳውን ተከትሎ እስከ ቆመበት ቦታ የሚደርስ ጥቁር ጭረት ነበር። የጫማው ሶል ቀልጦ ተጣጥፏል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተቃጥሏል፤ ሸሚዙ ላይ ግን የጥላሸት ምልክት እንኳ አልነበረም። ተኑ የት እንደተኛ ከዚያ ልብስ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም።

ስለዚህ «እዚህ የሚያጨስ ሰው የለም» የሚለው ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። የእርስዎ ኮምፕረሰር የአየሩ ግፊት ሲወርድ ራሱ ይነሳል፣ ሲሞላ ራሱ ይጠፋል። ማብሪያው በገጠመና በተላቀቀ ቁጥር ውስጡ ብልጭታ አለ። ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያየው በቀን ብዙ ጊዜ ክብሪት የሚጭር ዕቃ ከበርሜሉ አምስት እርምጃ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ዛሬውኑ ይነሳ፤ በኔ አስተያየት የሚነሳው በርሜሉ ነው። ተራ ሶኬት፣ ተራ ማብሪያ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ግራይንደር፣ የስልክ ቻርጀር ሁሉም በዚሁ ዓይን ይታዩ።

የተከፈተ በርም የአየር ማናፈሻን አይተካም። ነፋስ ሲኖር ይረዳል፣ ሳይኖር ግን ወለል ላይ የተኛው ተን ባለበት ይቆያል፤ ነፋሱ ወደ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ወደ ኮምፕረሰሩ ይገፋዋል። ከወለሉ በትንሹ ከፍ ብሎ ተኑን የሚያወጣ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ንጹሕ አየር የሚያስገባ መንገድ ያስፈልጋል። ፋን የሚገጠም ከሆነ ሞተሩ ለተቀጣጣይ ተን የተሠራ መሆን አለበት፤ ተራ ፋን ተኑን እየሳበ በራሱ ብልጭታ ላይ ያሳልፈዋል።

አሁን ወደ ባልዲው። ፈሳሽ በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፣ ከከፍታ ሲወርድና ሲረጭ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። የሱፍ ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣው ዓይነት ነው። ቶሉዊንና ሄክሴን የሚባለው ሌላ ማሟሟያ ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፉ ኃይሉን ይዘው ይቆያሉ፤ አሴቶንና አልኮል ከእነሱ የተሻለ ያስተላልፋሉ፣ ዕቃው ከመሬት ከተነጠለ ግን እነሱም አይታመኑም። የቶሉዊንንና የሄክሴንን ተን ለማቀጣጠል የአንድ ሚሊጁል አንድ አራተኛ ያህል ጉልበት ይበቃል። የበር እጀታ ስንነካ ጣታችንን ቆንጠጥ የሚያደርገን ብልጭታ ከዚያ ይበልጣል። ሳይሰማን የሚያልፈው እንኳ ሊበቃ ይችላል።

ባልዲዎ ፕላስቲክ ሲሆን ይህ ኃይል መሄጃ የለውም። በፕላስቲኩና በቲነሩ ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ የሰው እጅ ወይም የበርሜሉ ብረት ሲቀርበው ይዘላል፣ የሚዘልበት ቦታ ደግሞ ልክ የባልዲው አፍ፣ ተኑ ከአየር ጋር የተደባለቀበት ቦታ ነው። ፕላስቲክን ሽቦ በማሰር ማዳን አይቻልም። ብረት ባልዲ ውስጥ የፕላስቲክ ከረጢት ማንጠፍም ያው ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የሚቀዳበት ዕቃ ብረት ይሁን፣ ክዳንም ይኑረው። በርሜሉ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር ይገናኝ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኧርዝ የሚለው ማለት ነው፣ እሱን ጠርተው ያሠሩት። ሌላ ሽቦ በርሜሉንና የሚቀዳበትን ዕቃ ያገናኝ። በዚህ ላይ አንድ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ መቆንጠጫው ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከተያዘ ሽቦው አለ ማለት አይቻልም። በርሜሉ ላይ የሳንቲም ስፋት ያህል ቀለም ይፋቅ፣ ብረቱ ያብለጭልጭ፣ የመቆንጠጫው ጥርስ እዚያ ላይ ይንከስ። መፋቁ ግን በርሜሉ ታሽጎ ሳለ፣ ከሌላ ክፍት ዕቃም ርቆ፣ በእጅ ይሁን፤ በግራይንደር እንዳይሞክሩት። ሽቦው የሚታሰረው ቧንቧው ከመከፈቱ በፊት ነው፤ የሚፈታው ቧንቧው ተዘግቶ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ ነው። ፈሳሹ ከከፍታ አይውረድ፤ የቧንቧው ጫፍ ወይም ለዚሁ የተሠራ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቱቦ እስከ ዕቃው ታችኛው ክፍል ይግባና ቀስ ብሎ ይሙላ። የሚቀዳው ሰው የጥጥ ልብስ ይልበስ። ሲቀዳም ቧንቧውን ከፍቶ ሌላ ሥራ ለመሥራት አይሂድ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈሰው እንዲህ ሲተው ነው።

የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ቲነር ወይም አሴቶን የሚገለብጥ ሠራተኛ ካለ ዛሬ ያስቁሙ። አሴቶን አንዳንዱን ፕላስቲክ ያለሰልሳል፣ ይሰነጥቃል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የጠማው ሰው ሊጠጣው መቻሉ ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የፈሳሹ ስምና በቀይ ክፈፍ ውስጥ ያለው የነበልባል ምልክት ይለጠፍ።

ወደ መጠን ልምጣ። ሥራ ክፍሉ ውስጥ መኖር ያለበት የዕለቱ ሥራ የሚፈልገው ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስምንት ሊትር ከተጠቀሙ ስምንት ሊትር ይግባ፣ ክዳኑ በስፕሪንግ (በሞላ) ኃይል ራሱን በሚዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ። የቀረው ውጭ ይሁን። ለዚህ ትልቅ ግንባታ አይጠበቅብዎትም፤ ከዋናው ሕንፃ የተለየች፣ ፀሐይ የማያገኛት፣ ከታችና ከላይ አየር የሚገባባት፣ ወለሏ ብረት ቢመታው ብልጭታ የማይሰጥ፣ ሶኬት የሌላት ትንሽ ክፍል ትበቃለች። ደፏ ከፍ ይበል፣ ወይም በርሜሉ በሰፊ ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ገንዳው ከትልቁ ዕቃ ይዘት አሥር በመቶ ያህል የበለጠ መያዝ እንዲችል ይሠራል፣ ለእርስዎ 220 ሊትር ማለት ነው። በደረጃ ሥርና በመውጫ በር አጠገብ ግን ለአንድ ቀንም አያስቀምጡ፤ እሳቱ ቢነሳ ሰዎች የሚያመልጡበትን መንገድ ይዘጋባቸዋል።

ያሉት ቁም ሳጥን ደግሞ አቅም ሲፈቅድ ይመጣል። ሥራው ምን እንደሆነ ግን ይታወቅ። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ለምሳሌ አንድ ቁም ሳጥን ለአሥር ደቂቃ በሚደረግ የእሳት ፈተና ውስጡ ከ163 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ሰው የሚወጣበትን ጊዜ ይገዛል እንጂ እሳትን ለዘላለም አያግድም። በሩ ተከፍቶ ከዋለ ደግሞ ተራ መደርደሪያ ነው።

ስለ ጎረቤቶቹ በአጭሩ፦ ናይትሪክ አሲድ፣ ጠንካራ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ የመዋኛ ገንዳ ክሎሪን፣ ፐርማንጋኔት፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ከእነዚህ ፈሳሾች ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጡም። አንዳንዶቹ ያለ ክብሪት ያቀጣጥሏቸዋል። አሴቶን እንዳይተን ብሎ በተራ ማቀዝቀዣ ማስገባትም አይቻልም፤ ሙቀት መቆጣጠሪያውና መብራቱ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ብልጭታ ይሰጣሉ፣ በሩም እንደ ጥይት ይወረወራል።

«ባዶ» በርሜል ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ፈሳሹ ሲያልቅ ታችኛው ላይ የቀረው ጥቂት ቲነር ይተናል፣ በርሜሉ ውስጥ ደግሞ አሁን በቂ አየር ገብቷል። ተን ከመጠን በላይ ከበዛ አይቀጣጠልም፤ አሴቶን 13 በመቶ አካባቢ ሲያልፍ ለእሳት የሚበቃ አየር ያጣል። ባዶ የተባለው በርሜል ግን ብዙውን ጊዜ ልክ በመካከሉ፣ እሳት በሚወደው መጠን ላይ ይገኛል፣ ያውም በተዘጋ ብረት ውስጥ። ይህን በርሜል ለውኃ ማጠራቀሚያ ወይም ለሌላ ዕቃ ብሎ በግራይንደር ወይም በኦክሲ አሴቲሊን መቁረጥ ቦምብ ላይ መቀመጥ ነው። በውኃ ማለቃለቅ አያድነውም። ክዳኑ ተዘግቶ ወደ ሻጩ ይመለስ። እስኪመለስም ከሞላው እኩል ይጠበቅ።

ጨርቆቹን አልጠቀሱልኝም፣ ግን እንጨት የሚቀባ ቤት ስለሆነ ማለፍ አልቻልኩም። በቲነር የራሰ ጨርቅ ክፍት ካርቶን ውስጥ ሲጣል ሌሊቱን ሙሉ ይተናል። የተልባ ዘይት ያለበት የእንጨት ማስዋቢያ የጠረጉበት ጨርቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይሰጣል፣ ጨርቁ ተጠቅልሎ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ሳይነካው ራሱ ይነዳል። ብዙ ጊዜ ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። ክዳን ያለው የብረት ማጠራቀሚያ ይኑር፣ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ ወደ ውጭ ይውጣ።

ለአሠሪዎ «ምንም አልሆነም» የሚለውን ሲመልሱ አይከራከሯቸው፤ እውነታቸውን ነው፣ አልሆነም። ግን በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ተኑና የኮምፕረሰሩ ብልጭታ በአንድ ቅጽበት አልተገናኙም ማለት ብቻ ነው። ያልተገናኙት ሰው ስላለያያቸው ሳይሆን አጋጣሚ ስላለያያቸው ነው። ከዚህ በላይ የጻፍኳቸውን ሲያሳዩአቸው ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ እንደማይጠይቅ ይንገሯቸው፦ በርሜሉን ማንሳት፣ ክዳን መዝጋት፣ ባልዲውን በብረት መለወጥ፣ ሽቦ ማሰር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ቲነር ቢፈስስ፦ ብልጭታ ሊሰጥ የሚችለው ነገር ሁሉ ቀድሞ መጥፋት አለበት፣ ነገር ግን ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ተኑ ውስጥ ካለ አይነካ፤ ከሌላ ክፍል ዋናው ይቋረጥ። ትንሽ ከሆነ በደረቅ አሸዋ ይሸፈን፣ በፕላስቲክ ወይም በእንጨት አካፋ ተዝቆ ክዳን ባለው ዕቃ ይውጣ። ወደ ፍሳሽ ቦይ አይጠረግ፤ ተኑ በቦዩ ተጉዞ ሌላ ሰው ቤት ሊቀጣጠል ይችላል። በርሜሉ ከተነደለ ግን ማጽዳት የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ሁሉም ይውጣ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይጠሩ።

እሳት ከተነሳስ? በቧንቧ ውኃ አይሞክሩት። ቲነር ከውኃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ይሰፋል። የሚያስፈልግዎት የደረቅ ዱቄት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የአረፋ ማጥፊያ ነው። አሴቶንና አልኮል ስላሉዎት አረፋ ከገዙ «አልኮልን የሚቋቋም» መሆኑን ይጠይቁ፤ ተራውን አረፋ እነዚህ ፈሳሾች ያፈርሱታል። ማጥፊያው በርሜሉ አጠገብ ሳይሆን በመውጫው በር በኩል ይሰቀል፣ ሰው ወደ እሳቱ ሳይገባ እንዲያገኘው። ትንሽ ዕቃ እሳት ከያዘው ክዳኑን ከጎን እያንሸራተቱ መግጠም ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሚነድ ባልዲ ግን ተሸክሞ ወደ ውጭ መሮጥ የለም፤ ነበልባሉ ወደ ተሸካሚው ፊት ይመለሳል፣ ይጥለዋል፣ እሳቱ በእግሩ ላይ ይፈስሳል። ዱቄቱን ከሁለት ሦስት ሜትር ርቀው በእሳቱ ሥር ይጥረጉት፤ በቅርብ ከለቀቁት ፈሳሹን ይረጨዋል። አንድ የእጅ ማጥፊያ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይዘልቅም፤ በዚያ ጊዜ ካልጠፋ ይውጡ፣ በሩን ከኋላዎ ይዝጉ። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ «ጠፍቷል» ብለው እጅዎን አያስገቡ።

ልብሱ በቲነር የራሰ ሰው፣ እሳት ሳይነካውም ቢሆን፣ ልብሱን ወዲያው ያውልቅና ይታጠብ፤ ማጠቢያው ብልጭታ ከሚሰጥ ነገር ይራቅ። ልብሱን እሳት ከያዘው እንዳይሮጥ ያስተኙት፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኑት፣ እሳቱ ሲጠፋ የተቃጠለውን ቦታ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያቀዝቅዙ። በረዶ፣ ቅባትም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀቡ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ካለ አይንቀሉት፣ ሐኪሙ ያነሳዋል።